ዳንግላ በባሕር ዳርና በእንጅባራ መካከል፦ የኪራይ ቤት፣ የደላላና የሚኒባስ አገልግሎት ግምገማ

ባልና ሚስት በተለያየ ከተማ ሥራ ሲይዙ የት እንደሚኖሩ መወሰን በጎጃም የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። መምህሩ በአንድ ወረዳ፣ ነርሷ በሌላ ዞን፣ የባንክ ሠራተኛው ደግሞ ቅርንጫፍ በተከፈተበት ሁሉ ይመደባል፤ ዝውውር እስኪገኝ ድረስም ዓመታት ያልፋሉ። እኔ እንጅባራ ላይ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ባሕር ዳር በሚገኝ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ይሠራል። ቤታችንን በሁለቱ መካከል፣ ዳንግላ ላይ ካደረግን ወዲህ በተመሳሳይ ሁኔታ ያሉ ጥንዶች «ያዋጣል ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁን፣ ቤት ያገኘንበትን የደላላ አገልግሎት፣ የተከራየነውን ቤትና የምንመላለስበትን የሚኒባስ መስመር ገምግሜ ለማቅረብ ወሰንኩ። መልሱን የሚወስነው ከቤቱ ይልቅ ሚኒባሱ ስለሆነ፣ ስለ እርሱ ከሌሎቹ በላይ እጽፋለሁ።

መስመሩን ለማያውቅ ሰው አቀማመጡን ማስረዳት ያስፈልጋል። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አስፋልት በመሸንቲ፣ በመራዊ፣ በወተት ዓባይና በዱርቤቴ አድርጎ ዳንግላ ይገባል፤ ከዚያም በአዲስ ቅዳም በኩል እንጅባራ፣ ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ ኮሶበር ከምንላት ከተማ ይደርሳል። ከባሕር ዳር እስከ ዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ደግሞ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ዳንግላ «መካከል» የምትባለው በልማድ እንጂ በልኬት አይደለም፤ ወደ እንጅባራ በእጅጉ ታደላለች። የአየሩም ነገር እንዲሁ ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሞቃት ስትሆን እንጅባራ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ሆና በክረምት ጭጋጓና ብርዷ ያስቸግራል። ከ2,100 ሜትር በላይ የምትገኘው ዳንግላ ደግሞ ለሁለቱም ወገን የሚስማማ አየር አላት። ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለዓመታት የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ቺዝማን መቀመጫውን እዚህ ማድረጉን ሳስብ፣ ቢያንስ በአየሩ ረገድ የማያውቅ ሰው እንዳልነበረ እገምታለሁ።

ወደ አገልግሎቶቹ ከመግባቴ በፊት ከዘመድ የሚመጣውን ግፊት ማንሳት ግድ ይላል፤ ብዙ ጥንዶች የት እንደሚኖሩ የሚወስኑት መናኸሪያና የቤት ኪራይ ከማየታቸው በፊት ሽማግሌ ሰምተው ነውና። በእኛም ቤት የባለቤቴ አባት «ሚስት ባሏ ካለበት ትሆናለች» ብለው ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊዘጉት ሞክረው ነበር። በርግጥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የጋራ መኖሪያን የመምረጥ ሥልጣን ለባል የሰጠ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት የጋራ መኖሪያቸውን በስምምነት እንዲወስኑ ያዛል። ለአማቴ ይህን ያስረዳሁት በትሕትና ነው፤ እርሳቸውም «እንግዲያስ ተስማሙና ንገሩን» ብለው መርቀው ተዉን። የሚያስፈልገውም ይኸው ነበር፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ጥያቄው የክብር መሆኑ ቀርቶ የኪሎ ሜትርና የሰዓት ሆነ።

የደላላውን አገልግሎት መካከለኛ እለዋለሁ። ስሙን የማልጠቅሰው ይህ ደላላ መጀመሪያ ያሳየን ቤቶች በሙሉ ከዋናው አስፋልት የራቁ፣ በክረምት ጭቃው ባጃጅ የማያስገባ ግቢ ውስጥ ያሉ ነበሩ። ሁለታችንም በየፊናችን ጎሕ ሲቀድ ከቤት የምንወጣ ሰዎች መሆናችንን አስቀድመን ነግረነው ነበር፤ እርሱ ግን እንደ ማንኛውም ተከራይ በክፍል ብዛትና በዋጋ ብቻ ይመዝነን ነበር። በእርግጥ ነገሩ ሲገባው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፦ ከመናኸሪያው በእግር የሚደረስበትን ቤት ያገኘልን፣ አከራይዋ የጠየቁትን የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ወደ ሁለት ወር ያስወረደልን፣ ውሉም በጽሑፍ እንዲሆንና ምስክር እንዲቆም ያደረገ እርሱ ነው። የኮሚሽኑን መጠን ግን ቤቱን ካየን በኋላ መናገሩ አላስደሰተኝም። በዚህ ሥራ የተሰማራ ሰው ክፍያውን መጀመሪያ ቢናገር ራሱም ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

ስለ ቅድሚያ ክፍያው አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ እንዳይቀበልና ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ተፈጻሚነቱ ግን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ በክልሎች ደግሞ ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ በአነስተኛ ከተማ ቤት የሚፈልግ ሰው አዋጁን መከራከሪያ ከማድረጉ በፊት ከተማው የተካተተ መሆኑን ከአስተዳደሩ ቢያጣራ ይሻላል። እኛ የሁለት ወሩን ልክ ያነሳነው እንደ መብት ሳይሆን እንደ ምክንያታዊ ልማድ ነው፤ አከራይዋም የተቀበሉት በዚሁ መንፈስ ነው። ዝውውር ለሚጠብቅ ቤተሰብ የቅድሚያ ክፍያው ማነስ ከኪራዩ ማነስ የበለጠ ይጠቅማል፤ ደብዳቤው በድንገት ሲመጣ ገንዘቡ እዚያው ታስሮ አይቀርምና።

ቤቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ቤት ነው። ሁለት ክፍልና ሳሎን፣ ከውጭ ማድ ቤት፣ ጎመንና ቃሪያ የሚተከልበት ጓሮ አለው። ባሕር ዳር ቀበሌ 14 አካባቢ ያየነው አንድ ክፍል ሰርቪስ የተጠየቀበት ኪራይ ከዚህ ሙሉ ቤት ኪራይ ብዙም አያንስም ነበር። የመብራት ቆጣሪው ከአከራይዋ ጋር የጋራ መሆኑ በወር መጨረሻ ሒሳብ ማካፈልን ይጠይቃል። ውሃ በሰፈራችን በፈረቃ ስለሚመጣና ተራው ሁለታችንም ሥራ ላይ ባለንበት ሰዓት ስለሚውል፣ አከራይዋ ሮቶ ባያስቀምጡ ኖሮ ማታ ማታ ከጎረቤት በጀሪካን መቅዳት ግድ ይሆንብን ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው የማይውልበት ቤት የሚከራይ ሰው ከክፍሉ ስፋት በፊት ይህን ይጠይቅ። ከሰል ከባሕር ዳር ይልቅ ይረክሳል፤ በአጎራባቹ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ በማሳቸው እየተከሉ ከሰል ስለሚያከስሉ፣ ጆንያው በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይታያል።

አሁን ወደ ሚኒባሱ ልምጣ። ቤት የሚመርጡ ጥንዶች ካርታ ዘርግተው መሐሉን ሲፈልጉ የሚዘነጉት ነገር ቢኖር፣ በእኛ አገር ተሳፋሪ የሚሄደው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በወንበር መሆኑን ነው። ሚኒባስ ከመናኸሪያ የሚወጣው ሲሞላ ነው፤ ከሞላ በኋላ በመንገድ ላይ ላለች ከተማ የሚተርፈው ወይ የወረደ ሰው ቦታ ነው፣ ወይ ደግሞ ትርፍ ተብሎ ከረዳቱ ጋር መጠጋት ነው። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መኪና ዳንግላ ሲደርስ ሙሉ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ የሚመጣውም እንዲሁ። በመሆኑም መካከል ላይ ያለች ከተማ ለመኖሪያ የምትመቸው ከራሷ መናኸሪያ ተነስቶ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚወጣ መኪና ካላት ብቻ ነው። ዳንግላ አላት፤ ይህም ከዱርቤቴና ከአዲስ ቅዳም ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ብልጫዋ ነው። አዲስ ቅዳም ላይ የሚኖር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከእኔ ይልቅ ለእንጅባራ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ ጠዋት ጠዋት ወንበር ያለው መኪና ሲጠብቅ ከእኔ ኋላ የሚደርስባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

የእንጅባራው አቅጣጫ አገልግሎት በጣም ጥሩ ነው። ተራ አስከባሪዎቹ ሥርዓት ያስይዛሉ፣ መኪናው ቶሎ ይሞላል፣ መንገዱም አጭር ስለሆነ አንዱ ቢያመልጥ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜን አያስቀርም። እኔ ደግሞ በየቀኑ ክፍል የለኝም፤ ፈተና ማረምና ዝግጅት ቤት ሆኜ የምሠራው ስለሆነ በሳምንት ውስጥ የማልጓዝባቸው ቀናት አሉ። ከሰዓት በኋላ ስመለስም ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳንግላ ነኝ። ታሪፉን በተመለከተ በበዓል ዋዜማና በገበያ ቀን ረዳቶቹ ጭማሪ መጠየቃቸው የተለመደ ነው፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ በሚከበርበት ሰሞን ደግሞ ታሪፍ የሚባል ነገር መኖሩ ራሱ ያጠራጥራል፤ ፈረሶቹን ለማየት የሚመጣው እንግዳ በሙሉ በዚሁ መንገድ ነውና የሚያልፈው።

የባሕር ዳሩ አቅጣጫ ሌላ ታሪክ ነው፤ የዚህ ግምገማ ዋና ነጥብም እዚህ ላይ ነው። ባለቤቴ ሥራ የሚገባው ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ነው። ከንጋቱ 11፡30 አካባቢ መናኸሪያ ከደረሰና መኪናው ከ12፡00 በፊት ከሞላ በሰዓቱ ይገባል፤ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ተማሪ፣ ነጋዴና ሕክምና ፈላጊ ብዙ በመሆኑ መኪናው ብዙውን ጊዜ ይሞላል። ስለዚህ ሰዎች የሚፈሩት የጠዋቱ ጉዞ በአብዛኛው ይሠራል። የማይሠራው የማታው ነው። የባንክ ሥራ በር ስለተዘጋ አያልቅም፤ ሒሳብ እስኪዘጋ፣ ካዝና እስኪቆለፍ መቆየት አለ። ወደ ዳንግላ የሚወጣው የመጨረሻ መኪና ግን ጨለማ ሳይዝ ለመግባት ሲል ከ11፡00 ሰዓት በፊት ይነሳል። አንድ የሃምሳ ብር ጉድለት ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ መኪናው ሄዷል። ባለቤቴ ከረዳቶቹ ጋር ተዋውቆ «ቦታ ያዝልኝ» እያለ በስልክ ቢያስጠብቅም፣ ረዳቱ ለአንድ ሰው ብሎ ሙሉ መኪና አያቆምም፤ ማቆምም የለበትም። በመጨረሻ ከሁለት የሥራ ጓደኞቹ ጋር ባሕር ዳር አንድ ክፍል ቤት በጋራ ይዞ፣ በሳምንቱ አጋማሽ እዚያ እያደረ፣ ሌሎቹን ቀናት ወደ ቤቱ መመለስ ጀመረ። የዚህ ክፍል ኪራይ ሲደመርበት ዳንግላ ላይ ተገኘ ያልነው የዋጋ ልዩነት ግማሹ ያህል ተበልቷል።

በዚህ ላይ የመንገዱ ጸጥታ አለ። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቆየው ግጭት ምክንያት መንገዱ የሚዘጋባቸው፣ መናኸሪያው ሰው እንጂ መኪና የማይታይባቸው ቀናት ነበሩ፤ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ አንዱ የሌላውን መዋያ ማወቅ አይችልም። ይህን የማነሳው የመኖሪያ ምርጫውን በቀጥታ ስለሚነካ ነው። መንገድ ሲዘጋ በሁለቱ ከተሞች ተለያይተው የሚኖሩ ጥንዶች ቢያንስ ሁለቱም ከሥራቸው አይቀሩም። መካከል ላይ የሚኖሩት ግን ወይ ሁለቱም ከሥራ ይቀራሉ፣ ወይ አንዱ ከቤት ውጭ ይታገዳል። እኛ ከአሠሪዎቻችን ጋር ይህን አስቀድመን በግልጽ ተነጋግረናል፤ ባለቤቴም በጋራ በያዘው ክፍል ትርፍ ልብስና የመድኃኒት ቦርሳ ያስቀምጣል። ይህን ዝግጅት ማድረግ የማይችል ሰው መሐል ከተማ ላይ ቤት ባይዝ እመርጣለሁ።

ጎረቤትን እንደ አገልግሎት መገምገም ተገቢ ባይመስልም አንድ ቤት የሚመዘንበት ዋና ነገር ነው። ዳንግላ ላይ ሰፈሩ ተቀብሎናል። አከራያችን መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ የማያድር ባል ያለው ቤት ሆኖ ስላዩት ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር፤ «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ እንግዳ ነው ወይስ አባወራ?» ብለው የጠየቁኝን አልረሳውም። ዕድር ስንገባ ነገሩ ተለወጠ። ዕድር ወርኃዊ መዋጮ ብቻ አይደለም፤ ለቀብር መውጣትን፣ ድንኳን መትከልን፣ ለቅሶ ቤት መቀመጥን ይጠይቃል፤ የቀረም ይቀጣል። ሁለታችንም ለየብቻ በየከተማችን ብንኖር ኖሮ አንዳችንም ይህን ሙሉ በሙሉ መወጣት አንችልም ነበር፤ አንድ ቤት በመያዛችን ግን አንዱ ሲቀር ሌላው ይደርሳል። በነዋሪነት መታወቂያ ጉዳይም እንዲሁ አንድ ቦታ መወሰን ያስፈልጋል፤ ከነበሩበት ቀበሌ መሸኛ ማምጣትና በአዲሱ መመዝገብ ቀናት ይወስዳል። ወደፊት ባሕር ዳር ላይ በማኅበር ተደራጅቶ የቤት መሥሪያ ቦታ ለማግኘት የሚያስብ ሰው፣ የነዋሪነት ማስረጃ መጠየቁ ስለማይቀር መሸኛውን ከማውጣቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ ላንሳ። እንጅባራ ላይ መኖር ለእኔ ከሁሉም የተሻለ ነበር፤ አጠቃላይ ሆስፒታል አላት፣ ኪራዩም የሚቻል ነው፤ ነገር ግን ባለቤቴን ሙሉ በሙሉ የቅዳሜና እሑድ እንግዳ ያደርገዋል። ባሕር ዳር ላይ መኖር ልጅ ላላቸው ጥንዶች ያመዝናል፤ የትምህርት ቤት ምርጫው ሰፊ ነው፣ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎችም እዚያው ናቸው። ዳንግላም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ቢኖራት፣ ከባድ ሕመም ሲገጥም መድረሻው ያው ባሕር ዳር ነው። ከባሕር ዳር በየቀኑ ወደ እንጅባራ መመላለስ ግን ደርሶ መልስ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ ለሚያስተምር ሰው እንጂ በየዕለቱ ለሚፈርም ሠራተኛ አይታሰብም። አንዱ ባሕር ዳር ሌላው ደብረ ማርቆስ ለሚሠሩ ጥንዶች ደግሞ የመሐል ከተማ ሐሳብ ከነአካቴው አይሆንም፤ መንገዱ ወደ 265 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ መሐሉ በእንጅባራና በቡሬ መካከል ጥሊሊ አካባቢ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ የትኛውም ሥራ በየቀኑ መድረስ አይቻልም። እነርሱ አንዱን ከተማ መርጠው ሌላውን ማደሪያ ማድረግ ብቻ ነው ያላቸው።

እንግዲህ ዳንግላን ለማን እመክራታለሁ? ሰዓቱ የማይነቃነቀው፣ ማታ የሚያመሸው ወይም ተረኛ የሚሆነው ሰው እንጅባራ ላይ የሚሠራ ከሆነና ባሕር ዳር የሚሠራው ሰው በሳምንት ጥቂት ቀናት ብቻ ቢሮ የሚገባ ከሆነ፣ ከዳንግላ የተሻለ መኖሪያ በዚህ መስመር ላይ ያለ አይመስለኝም። ቤቱ፣ አየሩ፣ ገበያው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያስደስታል። እንደ እኛ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሲሆን ግን ከተማዋ በተሳሳተው ወገን ትወድቃለች፦ ረጅሙን መንገድ የሚይዘው ጊዜ የሌለው፣ አጭሩን የሚይዘው ጊዜ ያለው ሰው ይሆናል። በዚህም ምክንያት ውላችን ሲያልቅ መራዊን ለማየት ተስማምተናል። መራዊ ከባሕር ዳር ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለምትርቅ ባለቤቴ ቢያመሽም መኪና አያጣም፤ የቆጋ መስኖ አካባቢ በመሆኗ አትክልቱም በአቅራቢያ ነው። ለእኔ መንገዱ በእጥፍ ይረዝማል፤ ነገር ግን በየቀኑ ስለማልጓዝ በሳምንት ሲደመር የሁለታችን ድካም አሁን ካለው ያንሳል። አከራያችንንም ይህን ነግረናቸው «ከዕድሩ ግን አትወጡም» ብለውናል።

መራዊ ላይ ቤት ከማየታችን በፊት የምናደርገውን ግን ከወዲሁ ወስነናል። ሰኞ ከንጋቱ 11፡30 እና ዓርብ ከምሽቱ 11፡30 መናኸሪያው ላይ ቆመን፣ ከራሷ ከመራዊ ወደ እንጅባራ አቅጣጫ ተነስቶ የሚወጣ መኪና መኖሩን፣ ዓርብ ማታም ከባሕር ዳር የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚገባ ረዳቶቹን እንጠይቃለን። ደላላ የምንጠራውና ቀብድ የምንከፍለው ከዚያ በኋላ ነው።